ጥሩ ሽጉጥ፣ ጥሩ ጥይት፣ ግን አልጎርስ አለ

ወዳጄ የደወለልኝ ሽጉጡን ለሸጠለት ድርጅት ሊመልስ ከወሰነ በኋላ ነው። "ብልሽት አለበት" አለኝ። "ካዝና በሞላሁ ቁጥር አንዴ ወይ ሁለቴ ይነክሳል። ውድድሩ ደግሞ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።" (ይነክሳል የሚባለው ጥይቷ በደንብ ሳትጎርስ ሽጉጡ ሲቆም ነው።)

ሽጉጡ አዲስ ነው። ለዒላማ ውድድር የተሠራ፣ 9 በ19 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ ከፊል አውቶማቲክ። ጥይቱን የሚሞላው ራሱ ነው። የተተኮሰ ቀለህ (የጥይቱን የናስ ቀፎ) ይሰበስባል፣ ያጥባል፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ፕራይመር አዲስ ይተክላል፣ ባሩድ ይመዝናል፣ ከበርሜሉ የምትወጣውን አረር ይገጥማል። ፈቃድ አለው፤ ሥራውንም ለዓመታት ሠርቶታል። እያንዳንዱን ሙሌት በደብተር የሚመዘግብ ጥንቁቅ ሰው ነው። በዘፈቀደ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ለመጻፍም አይበቃም ነበር።

"የፋብሪካ ጥይትስ ይጎርሳል?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እሱን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው።"

"እንግዲያው ችግሩ ያንተ ጥይት ላይ ነው።"

እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። "ይህንኑ ጥይት በአሮጌው ሽጉጤ በሺህ የሚቆጠር ተኩሻለሁ። አንድ ቀን ነክሶብኝ አያውቅም። እንዴት አድርጎ ጥይቱ ይሆናል?"

ሁለት ማስረጃ አለው፤ ሁለቱም እውነት ነው። አዲሱ ሽጉጥ የፋብሪካ ጥይት ያለችግር ይጎርሳል። የእሱ ጥይት ደግሞ በአሮጌው ሽጉጥ ያለችግር ይሠራል። ስለዚህ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሁለት ደህና ነገሮች ግን አንድ ላይ ሲሆኑ አልተስማሙም። ከሁለቱ አንዱን ጥፋተኛ ለማድረግ ስንሞክር ብዙ ቀን አቃጠልን። ጥይቱ ከዚህኛው በርሜል ጋር ፈጽሞ ተለክቶ እንደማያውቅ እስክንረዳ ድረስ ማለት ነው።

መጀመሪያ የት ላይ እንደሚቆም

ቅዳሜ ጠዋት የተኩስ ሜዳ ላይ ተገናኘን። ከመተኮሱ በፊት አንድ ነገር ለመንኩት። "ሲነክስ ቶሎ ብለህ አታስለቅቀው። ጣትህን ከቃታው አውጣ፤ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዝክ ቁም። ልየው።"

ብዙ ተኳሽ ሽጉጥ ሲነክስበት እጁ በደመ ነፍስ ስላይዱን (ወደኋላና ወደፊት የሚንሸራተተውን የሽጉጡን የላይ ክፍል) ይጎትታል። ችግሩ ይፈታል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ስላይዱ የቆመበት ቦታ ግን ብዙ ይናገራል። የአረሯ አፍንጫ ወደታች ተቀብሮ መወጣጫው ሥር (ጥይቷን ከካዝናው ወደ በርሜሉ የሚመራው ተዳፋት ሥር) ከተሰነቀረ፣ መጀመሪያ ካዝናውን እጠረጥራለሁ። ወይ ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ወይ ከንፈሮቹ ተጣመዋል። ጥይቷ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ ከበርሜሉ ጣሪያ ጋር ከተያያዘች፣ የካዝናውን ከንፈርና ቀለህ የሚስበውን መንጠቆ አያለሁ። ስላይዱ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ከቆመ ግን ጥይቷ መንገዱን ጨርሳለች፤ ያልቻለችው ቦታዋ ላይ መቀመጥ ነው።

በሁለተኛው ካዝና ነከሰ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ስላይዱ ሊዘጋ የቀረው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ነው። ወዳጄ በአውራ ጣቱ ከኋላ ገፋ ሲያደርገው ተዘጋ። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው" አለኝ። ያን ልማድ እንዲተው ነገርኩት። በግድ የገባች ጥይት ለምን እንዳስቸገረች ሳይታወቅ አትተኮስም።

እኔ የሠራሁት ስህተት

ማስረጃው ፊቴ ነበር። ስላይዱ መጨረሻ ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ጥይቷ ናት የምትለካው። እኔ ግን ወደ ሽጉጡ ሄድኩ። አዲስ ሽጉጥ ገና አልተሟሸም፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ መመለሻ ስፕሪንጉ ትንሽ ደከም ያለ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይህ ግምት ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ ለመቀበል ይቀላል። በርሜሉን አጸዳን፣ ዘይት ቀባን፣ ጠንከር ያለ መመለሻ ስፕሪንግ ገዝቶ ገጠመ።

መንከሱ ቀነሰ። ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን ግን የባሰ ነገር መጣ።

አንድ ጥይት ነከሰች። ጠንካራው ስፕሪንግ አጥብቆ ስለገፋት በጣት ሊያስወጣት አልቻለም። ስላይዱን በሙሉ ኃይሉ ሲጎትተው ቀለሁ ብቻውን ወጣ። አረሯ በርሜሉ ውስጥ ቀረች። ባሩዱ ካዝናው ላይና እጁ ላይ ተበተነ።

እንደ እድል ሆኖ ባሩዱን አየው። ባያየውና የሚቀጥለውን ጥይት አቀባብሎ ቢተኩስ ኖሮ፣ መንገዱ በተዘጋ በርሜል ውስጥ ነበር የሚተኩሰው። በርሜል የሚፈነዳው፣ እጅና ዓይን የሚጎዳው እንዲህ ነው። ባሩድ ካፈሰሰ ወይም ደከም ያለ ያልተለመደ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ በርሜሉን በብርሃን እዩት። ይህን ሳታደርጉ ሌላ ጥይት አታጉርሱ።

ያን ቀን ነው የገባኝ። ጠንካራው ስፕሪንግ ችግሩን አልፈታውም፤ አስገድዶ አስገባው እንጂ። ምልክቱ ሲቀንስ በሽታው የዳነ መሰለኝ። ወዳጄን ይቅርታ ጠየቅሁትና ከዜሮ እንጀምር አልኩት።

በርሜሉን ማውጣት

ይህ ፈተና ገንዘብ አይፈልግም። ሽጉጡን ባዶ ማድረግ፣ መፍታት፣ በርሜሉን ብቻ ማውጣት ነው። በርሜሉን አፈሙዙ ወደታች እንዲሆን አድርጎ መያዝ። ከዚያ ጥይቷን ከላይ ወደ መጉረሻው መልቀቅ። (መጉረሻ የምለው ጥይቷ የምታርፍበትን የበርሜሉን የኋላ ክፍል ነው።) ጤነኛ ጥይት በራሷ ክብደት ትወርዳለች። ቀጭ የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ታሰማለች። በጣት ስትዞር ትሽከረከራለች። በርሜሉ ሲገለበጥ ደግሞ ሳትጎተት ትወድቃለች። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ጥይቷ ለዚያ በርሜል አልተሠራችም።

መጀመሪያ የፋብሪካ ጥይት ለቀቅን። ቀጭ። ዞረች፤ ወደቀች። ቀጥሎ ከወዳጄ ሙሌት 60 ጥይት አንድ በአንድ ሞከርን። 37ቱ አለፉ። 23ቱ አላለፉም። ከእነሱ አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ የገቡ ይመስላሉ፤ ሲያዞሯቸው ግን ተይዘዋል፤ በርሜሉ ሲገለበጥም አይወድቁም።

ወዳጄ ዝም አለ። 23 ጥይት ፈተናውን ካላለፈ፣ በአንድ ካዝና አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ መንከሱ ነው የገረመው። መልሱ የስላይዱ ጉልበት ነው። ስላይዱ በፍጥነት ሲመለስ አብዛኞቹን ጨፍልቆ ያስገባቸዋል። የምናየው መንከስ ስላይዱ ያቃተውን ብቻ ነው። በግድ የገቡትም ቢሆኑ ጤነኛ አይደሉም። አረሯ በጥምዙ (በበርሜሉ ውስጥ ባለው ጠመዝማዛ ቦይ) ላይ ተጨናንቃ ስትተኮስ ግፊቱ ይጨምራል።

ካሊፐር (ርዝመትና ስፋት በትክክል የሚለካ መሣሪያ) አወጣን። የፋብሪካዋ ጥይት ጠቅላላ ርዝመት 29.4 ሚሊሜትር ነበር። የወዳጄ ከ29.0 እስከ 29.2። "አየህ!" አለኝ። "የእኔ ታጥራለች! ረጅሟ ገብታ አጭሯ እንዴት አትገባም?"

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። የዚህ ጥይት ከፍተኛው ጠቅላላ ርዝመት 29.69 ሚሊሜትር እንደሆነ የአሜሪካው የደረጃ ተቋም ሳሚም፣ የአውሮፓው ሲአይፒም ይስማማሉ። ወዳጄ ከዚያ በታች ስለሆነ ራሱን ደህና ቦታ ላይ አድርጎ ነበር የሚያየው። ግን ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ አፍንጫዋ ጫፍ ነው። በርሜሉን የሚነካው ደግሞ አፍንጫዋ ሳይሆን ትከሻዋ ነው።

የፋብሪካዋ አረር ጫፏ ክብ ነው። ከጫፏ ጀምራ ቀስ እያለች ትሰፋለች። የወዳጄ አረር ሌላ ናት። 124 ግሬን ማለትም 8 ግራም ያህል የምትመዝን፣ በቀለም መሰል ሽፋን የተለበጠች እርሳስ፤ ጫፏ ጠፍጣፋ፣ ትከሻዋ ሰፊ። ጫፏ ስለተቆረጠ ርዝመቷ ያንሳል። ትከሻዋ ግን ወደፊት ሄዶ ነው ሙሉ ስፋቱን የያዘው። ስለዚህ አጭር ሆና ሳለ ከበርሜሉ ጥምዝ ጋር ቀድማ ትገናኛለች። የአሮጌው ሽጉጥ በርሜል ከመጉረሻው በኋላ ጥምዙ እስኪጀምር ድረስ ረዘም ያለ ባዶ ጉሮሮ አለው። የአዲሱ ጉሮሮ አጭር ነው። ከዚህ የተነሳ አንዷ ጥይት በአንዱ ትመቻለች፣ በሌላው ታንቃለች። ሽጉጡም ጥይቱም በየራሳቸው አልተሳሳቱም።

ማርከር የነገረን

ግን 23ቱም ያላለፉት በአንድ ምክንያት ነው ብዬ ማመን አልፈለግሁም። አንዴ ቸኩዬ ተሳስቻለሁ። ስለዚህ ጥይቶቹን ከአረሯ ትከሻ እስከ ቀለሁ መቀመጫ ድረስ በጥቁር ማርከር ቀባናቸው። አንድ በአንድ በርሜሉ ውስጥ አስገብተን በቀስታ አዞርን፣ አወጣን። ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ የተነካው ቦታ ነው።

14ቱ ላይ አረሯ ትከሻ ላይ ተመሳሳይ ርቀት ያላቸው ትናንሽ ጭረቶች ታዩ። የጥምዙ ጥርሶች ናቸው። 6ቱ ላይ ግን አረሯ ንጹህ ነች፤ የተፋቀው የቀለሁ አፍ ዙሪያ ነው። የቀሩት 3 ደግሞ የተፋቁት ከታች፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ባለው ወገብ ላይ ነው።

እኔ ለዚህ ነው ይህን ማርከር የምወደው። ሦስት የተለያዩ ችግሮች አንድ ዓይነት መንከስ ይፈጥራሉ። አንዱን ብቻ ፈትተን ብንሄድ የቀሩት ሁለቱ ይቀጥላሉ፤ እኛም "አልሠራም" ብለን ትክክለኛውን መፍትሔ እንተወው ነበር።

ርዝመቱን ማስተካከል

ለዚህ ባሩድም ፕራይመርም የሌላት የልምምድ ጥይት ሠራን። ይህን አጥብቄ እላለሁ። በሥራ ጠረጴዛ ላይ ሽጉጥ የሚፈተነው በልምምድ ጥይት ነው፤ እውነተኛ ጥይት ክፍሉ ውስጥም አይኑር። ከእውነተኛዋ እንዳትምታታም ቀለሁን ቀይ ቀባነው።

አረሯን ረዘም አድርጎ ተከላት። በርሜሉ ውስጥ ለቀቅናት፤ ተያዘች። የመትከያውን ዳይ (ፕሬሱ ላይ የሚታሰረውን፣ አረሯን ወደ ቀለሁ የሚገፋውን ቅርጽ) ትንሽ ወደታች አዞረ፣ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ገፋት። ተያዘች። እንደገና። እንደገና። 29.1 ላይ ስትደርስ ቀጭ ብላ ገባች፣ ተሽከረከረች፣ ወደቀች። የዚህ በርሜልና የዚህ አረር ድንበር እሱ ነው። ሌላ በርሜል ወይም ሌላ አረር ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤ ስለዚህ ማንም ይህን ቁጥር ወስዶ በራሱ ሽጉጥ እንዳይጠቀምበት።

ድንበሩ ላይ መቆም አይቻልም። የወዳጄ ፕሬስ (ጥይት የሚሞላበት ማሽን) ከጥይት ጥይት እስከ 0.2 ሚሊሜትር ልዩነት እንደሚያመጣ ለክተናል። ሽጉጡ ሲቆሽሽም ቦታው ይጠባል። ስለዚህ 0.4 ቀንሰን 28.7 ላይ ተስማማን። የልምምድ ጥይቶቹን ካዝናው ውስጥ አስገብተን ስላይዱን ጎትተን በሙሉ ፍጥነቱ ለቀቅነው። በእጅ ይዞ ቀስ ብሎ መዝጋት ፈተና አይደለም፤ ሽጉጡ ሲተኮስ እንደዚያ አይዘጋምና።

እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፋት ነገር አለች። አረሯን ወደ ውስጥ ስንገፋት በቀለሁ ውስጥ ለባሩዱ የቀረው ቦታ ይጠባል። የ9 በ19 ቀለህ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው። ባሩዱ ሳይጨምር ግፊቱ ይጨምራል፤ ጭማሪውም ቀላል አይደለም። ወዳጄ በደብተሩ የያዘው የባሩድ መጠን በ29.1 የተፈተነ ነው። "ያው መጠን ነው፣ አረሯን ብቻ ነው የገፋኋት" ማለት አይቻልም። ሌላ ጥይት ሆናለች። የባሩዱ አምራች ለዚያ ክብደትና ለዚያ ዓይነት አረር ያወጣውን ሰንጠረዥ ከፍቶ፣ ከመነሻው ዝቅተኛ መጠን እንዲጀምር ነገርኩት። ደብተሩን ተመለከተና የዓመታት ቁጥሩን በአንድ መስመር ሰረዘው። ከባድ ነበር ለእሱ። ግን ሰረዘው።

አፉና ወገቡ

አረሯ ቀለሁ ውስጥ እንድትገባ ቀድሞ አፉ በትንሹ እንደ ደወል ይከፈታል። አረሯ ከተተከለች በኋላ ያ ደወል መመለስ አለበት። በወዳጄ 6 ጥይቶች ላይ አልተመለሰም። አፋቸው ላይ 9.72 እና 9.73 ለካን። ለዚህ ጥይት አፉ ላይ የሚፈቀደው 9.65 ነው። ልዩነቱ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ጠበቅ ተደርጎ ለተሠራ መጉረሻ ግን ያ ይበቃል።

ምን ያህል ይጥበቅ የሚለውን በሂሳብ አገኘነው። የአረሯ ስፋት 9.04 ነው። የቀለሁ ግድግዳ አፉ ላይ 0.28 ያህል ውፍረት አለው፤ በሁለት ወገን 0.56። ሲደመር 9.60። ስለዚህ ዳዩ አፉን እስከ 9.60 ቢመልሰው ደወሉ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ በላይ መጭመቅ አያስፈልግም።

ወዳጄ ግን "ለደህንነቱ" በሚል 9.50 ድረስ ሊያጠብቀው ፈለገ። ከለከልኩት። ይህ ጥይት መጉረሻው ውስጥ የሚቆመው በአፉ ጠርዝ ነው። አፉ በጣም ወደ ውስጥ ከታጠፈ መቆሚያው ይጠፋል። ሌላም አለ። የቀለሁ ናስ ሲጨመቅ ትንሽ ተመልሶ ይከፈታል፤ እርሳስ ግን አይመለስም። ስለዚህ ከልክ በላይ የተጨመቀች አረር ትጠብቃለች ሲባል ትላላለች። እንዲያምነኝ አንድ በ9.50 የተጨመቀች የልምምድ ጥይት በመዶሻ መሰሉ አረር ማውጫ አወጣንለት። አረሯ ወገብ ላይ ቀለበት የመሰለ ጥልቅ ጭረት ነበር፤ ሽፋኗም ተቆርጦ እርሳሱ ይታያል። በ9.60 የተሠራችው ላይ ግን ፈዘዝ ያለ መስመር ብቻ ነበር።

የወገቡን ነገር ያገኘነው ፕሬሱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዳይ የተተኮሰውን ቀለህ ጨምቆ ወደ ልኩ የሚመልሰው ነው። እስከ ታች ድረስ እንዲደርስ ዳዩ የቀለህ መያዣውን ሊነካ ይገባል። ወዳጄ መያዣውን በቅርቡ ቀይሮ ነበር። አዲሱ ከአሮጌው ትንሽ ቀጠን ይላል። በመካከላቸው ክፍተት ቀርቷል፤ የቀለሁ የታችኛው ክፍል ሳይጨመቅ ያልፋል። በራሱ አሮጌ ሽጉጥ የተተኮሱ ቀለሆች ብዙም አላበጡም። ከሜዳ የለቀማቸው፣ ሰፊ መጉረሻ ባለው የሌላ ሰው ሽጉጥ የተተኮሱት ግን ከ9.93 አልፈው አብጠዋል። ዳዩን ወደታች ሩብ ዙር አወረደውና ነገሩ አለቀ።

በመጨረሻ የአረሯን ጥብቀት ፈተንን። የልምምድ ጥይት ርዝመት ለካን፣ ከካዝና ሦስት ጊዜ አጎረስናት፣ እንደገና ለካን። 0.02 ብቻ ነው የተለወጠችው። ይህ ጥሩ ነው። በእያንዳንዱ ምት የምታጥር ብትሆን ኖሮ መወጣጫውን ስትመታ ወደ ውስጥ እየገባች ናት ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ቅድም ያልኩትን የግፊት ችግር ያመጣል።

እንደገና ሜዳ ላይ

በመነሻ ባሩድ የተሞሉ 50 ጥይቶች ይዘን ሄድን። ሁሉም በበርሜሉ ተፈትነው አልፈዋል። የመጀመሪያዋ ተተኮሰች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛው ላይ ቃታ ሳበ፤ ምንም። ስላይዱ ተዘግቷል፤ መጉረሻው ግን ባዶ ነው። ካዝናው ጥይት አለው፤ ስላይዱ ሳያነሳት አልፏል።

ወዳጄ ፊቱ ተለዋወጠ። ሁለታችንም ደክሞናል። ግን የቆመበትን ቦታ ማየት ተምረናል። ይህ የመቀመጥ ችግር አይደለም። ጥይቷ ተነስታም አታውቅም። ስላይዱ ወደኋላ በቂ አልሄደም። መሬት ላይ የወደቁትን ቀለሆች አየሁ፤ እግሩ ሥር ናቸው። ድሮ ሁለት ሦስት ሜትር ነበር የሚፈናጠሩት።

ባሩዱን እንጨምር አለኝ። መጨመር ይቻል ነበር፤ ሰንጠረዡ ቦታ አለው። ቀድሞ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጠንካራው ስፕሪንግ! እኔ አስገዝቼው የገጠመው ስፕሪንግ አሁንም ሽጉጡ ውስጥ ነው። ለስለስ ያለ ጥይት ከጠንካራ ስፕሪንግ ጋር ሲገናኝ ስላይዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይመለሳል። ሽጉጡ ሲገዛ አብሮት የመጣውን ስፕሪንግ ከቦርሳው አወጣና ቀየረው። የቀሩት ጥይቶች በሙሉ ያለማቋረጥ ተተኮሱ። ቀለሆቹም ራቅ ብለው መውደቅ ጀመሩ።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ወዳጄ በሰንጠረዡ ወሰን ውስጥ ባሩዱን በትንሽ በትንሹ ከፍ አድርጎ ኢላማው ላይ የምትሰበሰብለትን መጠን አገኘ። 500 ጥይት ሞላ። በየ10 ጥይቱ አንዷን በበርሜሉ ይፈትናል፤ ለውድድር የሚለያቸውን ደግሞ ሁሉንም። 480 ያህሉን ሲተኩስ አንዴም አልነከሰም።

ከዚያ አንዷ ነከሰች።

ደውሎ "ምንም አልነካሁም" አለኝ። "ቆሞ ነው ያለው። ናና እየው።" ስሄድ ሽጉጡን ባዶ አድርጎ፣ ጥይቷን ጠረጴዛ ላይ ለይቶ አስቀምጧታል። አረሯ መወጣጫውን መትታ ወደ ቀለሁ ውስጥ ጠልቃለች። ካሊፐሩ 26 ሚሊሜትር ገደማ አነበበ። ብትተኮስ ኖሮ ግፊቷ ምን ያህል እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

አረሯን አወጣንና ቀለሁን ለካሁት። 17.2 ሚሊሜትር። የ9 በ19 ቀለህ ርዝመት ከ19 ትንሽ ከፍ ይላል። ቀለሁን ገልብጬ መቀመጫው ላይ የተቀረጸውን አነበብኩ፤ የ9 በ17 ነው፤ 380 የሚባለው። ከሜዳ ሲለቅም ተቀላቅሎ የገባ ነው። መልኩ ይመሳሰላል፣ በመያዣውም ይገባል፣ ፕሬሱም አሳልፎታል። በ2 ሚሊሜትር ስላጠረ ግን አፍ መክፈቻው በደንብ አልደረሰበትም፣ አፍ መመለሻውም አልነካውም፤ አረሯን የያዛትም በዚያው ልክ ያነሰ ናስ ነው።

"የፕሬሱን እጀታ ስስበው ላላ ብሎኝ ነበር" አለኝ ወዳጄ። "ተሰምቶኛል። ግን አለፍኩት።"

የቀለህ ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥነው። ሁለታችን ተቀምጠን አንድ በአንድ መቀመጫቸውን እያነበብን ለየን። ውድድሩ እሑድ ነበር፤ ይህ ሐሙስ ማታ ነው። አራት ተጨማሪ አገኘን።